ጋሽ ዛብሎንና የምሕረት ጫማ

«ቲቸር፣ እኒያ ወይጦ መንገድ ዳር ጫማ የሚሠሩት ሽማግሌ ትናንት ተቀበሩ።»

የደወለልኝ በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ባለችው በወይጦ የሚያስተምር የድሮ ተማሪዬ ነው። እኔ ጂንካ ገበያ በር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዤ ባጃጅ እጠብቅ ነበር። «ጋሽ ዛብሎን?» ልል ስሙ አፌ ላይ ደረሰ። ከዚያ ዞር ብዬ አጠገቤ የቆሙትን ሰዎች አየሁ። ማንም አያዳምጠኝም። ቢሆንም ስሙን ዋጥ አድርጌ፣ «እሺ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ከሐዘኑ በፊት የመጣው ፍርሃቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ዛሬም የዚያን ሰው ስም ጂንካ ገበያ መሐል ጮክ ብዬ መጥራት እፈራለሁ። የምፈራው እሳቸውን አይደለም። እሳቸውን መፍራት የተውኩት ገና ድሮ ነው።

ጂንካ የመጣሁት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ለአስተማሪነት ዕጣ ወጥቶልኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ርቄ አላውቅም። ከአርባ ምንጭ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ከተማው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና የቀረውን በእግራችን ገባን። እግሬ ላይ የነበረው፣ ታላቅ እህቴ «የመጀመሪያ ሥራሽ ነው፣ አምረሽ ግቢ» ብላ የገዛችልኝ ቡናማ ካሞሽ ነው፤ ያ ፊቱ እንደ ከፈይ የሚለሰልሰው ቆዳ። ሌላ ጫማ አልነበረኝም። እንደደረስኩ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሲደርቅ እንደ ጣውላ ገገመ።

የተከራየሁት የእትዬ ብርቄን ሰርቪስ ክፍል ነበር። እትዬ ብርቄ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአርባ ምንጭ ልብስና ሳሙና እያመጡ የሚነግዱ ሴት ናቸው። ደግ ናቸው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። የመጀመሪያዋ ወባ ስትጥለኝ አጥሚት እያፈሉ ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ምሕረት የምትባል፣ የሰባት ዓመት።

ጫማዬን አገላብጠው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይሄን የሚያድን ዛብሎን ብቻ ነበር። ግን እሱ ጋ እንዳትሄጂ።»

«ለምን?»

በሩን ገርበብ አደረጉት። «የፋቂ ዘር ነው። አባቱም አያቱም ቆዳ አልፊ ናቸው። ዓይኑ ጥሩ አይደለም ይላሉ። ሰው ይበላል።»

የተማርኩ ነኝ፤ ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ከሚስቁት አንዷ ነበርኩ። ነገር ግን መሳቅ ቀላል የሚሆነው ከጓደኞች ጋር ሲሆን ነው። ማንንም በማላውቅበት አገር፣ ብቻዬን፣ በአንድ አልጋና በአንድ ባሊ መሐል ቁጭ ብዬ ስሰማው ሳቅ አልመጣልኝም። ሁለት ቀን በሸበጥ አስተማርኩ። በሦስተኛው ቀን ርእሰ መምህሩ እግሬን አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ጫማውን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ።

ጋሽ ዛብሎን የሚሠሩት ከገበያው ጥግ፣ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ነበር። መጀመሪያ የገረመኝ አቀማመጣቸው ነው። ሰው ሁሉ ዕቃውን ዘርግቶ ፊቱን ወደ ገበያተኛ ያዞራል። እሳቸው ፊታቸውን ለግድግዳው፣ ጀርባቸውን ለገበያው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ደንበኛ ከኋላ መጥቶ ጫማውን በስተቀኛቸው በተነጠፈ ጆንያ ላይ ያስቀምጣል። ሲያልቅ እዚያው ጆንያ ላይ ይመልሱታል፣ ሰውየው ያነሣል። ከእጅ ወደ እጅ የሚባል ነገር የለም።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ።

አልዞሩም። «አስቀምጪያት» አሉ።

ጫማ ሁሉ ለእሳቸው ሴት ነው። አማርኛን የለመዱት ከአገሩ ቋንቋ ከአሪኛ ቀጥሎ፣ አድገው ነው፤ ግን ያ «እሷ» የቋንቋ ስሕተት አልነበረም፤ የፍቅር ነበር። ጫማዬን አነሡ፣ አሸተቱት፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«እሳት ዳር አስቀምጠሻታል።»

«አዎ።»

«ገደልሻት።»

ያቺን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እሳቸው ግን ወሬያቸውን ከጫማው ጋር ቀጠሉ። «አንዴ በቢላዋ ሞተች፤ አንቺ ደግሞ በከሰል ደገምሻት። ቆዳ የሞተ እንዳይመስልሽ ቲቸር። ይጠማል፣ ይታፈናል፣ ይፈራል።»

«ቲቸር መሆኔን በምን አወቁ?»

«በቾኩ። እግርሽ ላይ ነጭ አለ።»

ጫማው እሳቸው ጋ ሦስት ቀን ቆየ። ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቀው፣ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሰቀሉት። ጋዜጣውን ጠዋትና ማታ ይቀይራሉ። ከዚያ ማንቆርቆሪያ አፍልተው እንፋሎቱን ከሩቅ አስነኩትና፣ በደረቅ ቡሩሽ ቀስ ብለው ፀጉሩን አስነሡት። ጭቃው ነክሶ የቀረበትን ቦታ የሚያስለቅቀው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ያንቺ ዕቃ ነው» አሉኝ። ላጲስ ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሁለት ላጲስ አመጣሁላቸውና ጆንያው ላይ አስቀመጥኩ። በላጲሱ እንደ ስሕተት መልስ ቀስ አድርገው አጠፉት።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ቅዳሜ እሄድ ጀመር። አንዳንዴ ጫማ ይዤ፣ አንዳንዴ ምንም ሳልይዝ። ከኋላቸው አንዲት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አወራቸዋለሁ፤ እሳቸው ለግድግዳው ይመልሱልኛል። ያስተማሩኝ ዛሬም በቃሌ ነው። የሚወለወለው ተራ ቆዳ መጀመሪያ አቧራው በደረቁ ይራገፋል፣ ቀጥሎ በጭምቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም በጨርቅ ጫፍ፣ ጥቂት ብቻ። ችኩል ሰው በቆሻሻው ላይ ይቀባል። «ቀለም ይደብቃል እንጂ አያጠራም» ይላሉ። ለመንገደኛ ጫማ ሰምና ሞራ አቅልጠው የሚያዘጋጁት ቅባት ነበራቸው፤ ስፌቱ ላይ ሲያሹት ዝናብ አያስገባም። ካሞሽን ግን ቅባት አያስነኩም። «ካሞሽ ውኃ የምትፈራው፣ ሰው ወሬ እንደሚፈራው ነው። አንድ ጠብታ በቂዋ ነው፤ ምልክቱ አይለቅም።»

አንድ ዓርብ ጎራ ብዬ ሳለ ሕፃናት ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እየተንጫጩ በኋላችን አለፉ። ጋሽ ዛብሎን ወዲያው እጃቸውን አቆሙ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ። ያኔ ነው ግድግዳው የገባኝ።

«ልጆቹን እንዳያዩ ነው እንዴ?»

ወስፌውን ጆንያው ላይ አኖሩ። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ልጅ ስታይ ዓይንህን መሬት ጣል፤ የሰው ከብት ስታይ መሬት ጣል፤ የሰው ምግብ ስታይ መሬት ጣል። በኋላ ሰለቸኝና ግድግዳ አገኘሁ።» ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ያን ቀን እሳቸውን መፍራቴ ለቀቀኝ። በምትኩ ለእሳቸው መፍራት ጀመርኩ።

እትዬ ብርቄ ወደ ዛብሎን እንደምመላለስ አያውቁም ነበር። እሳቸው ዕቃ ሊያመጡ አርባ ምንጭ ሲሄዱ ምሕረትን ለእኔ ይተዉልኛል። በአንደኛው ጉዟቸው ምሕረት እያለቀሰች ከትምህርት ቤት መጣች። የጥቁር ጫማዋ ሶል ከፊት ተላቆ አፉን ከፍቷል፤ ልጆቹ «ጫማዋ ይስቃል» እያሉ ሲያበሽቋት ውለዋል። እናቷ እስኪመለሱ አምስት ቀን ይቀራል። በማግስቱ ጫማውን በቦርሳዬ ደብቄ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ።

ጋሽ ዛብሎን ጫማውን ካነሡ በኋላ ትንሽነቱን አይተው ቆሙ።

«የማን ናት?»

«የቤት አከራዬ ልጅ።»

ፍም እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጫማው ጆንያው ላይ ወደቀ። «ውሰጂያት።»

«ሶሉን ብቻ እኮ ነው፣ ጋሽ ዛብሎን።»

«የሕፃን ነገር አልነካም። ሕፃን ይታመማል ቲቸር፤ ሕፃን ሁልጊዜ ይታመማል። ያን ጊዜ ማን ነካት ይባላል።»

«ማንም አያውቅም።»

«ስፌት ያወራል።»

«ቢያውቁስ? እኔ አለሁ። እኔ ነኝ ያመጣሁት ብዬ እናገራለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ዘወር አሉ፤ ፊቴን ግን አላዩም፤ ዓይናቸው እግሬ ላይ ቆመ። «ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

ሠሩት። ሶሉን በሰም በተነከረ ክር ዙሪያውን ሰፉት፤ ተረከዙ እንዳይልጣት ከውስጥ ለስላሳ የፍየል ሌጦ ለጠፉበት፤ ቀብተው ሲያወለውሉት ፊት ያሳያል። ምሕረት ስታጠልቀው ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረችው።

እትዬ ብርቄ ቅዳሜ ተመለሱ። ሰኞ ምሕረት ራሴን አለች። ማክሰኞ ትኩሳቷ ነደደ፤ እናቷ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያበርዷታል። እኔ «ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አልኩ፤ «ጉንፋን ነው፣ ትንሽ እንያት» አሉኝ። ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት።

ምሕረት ፍራሽ ላይ ተዘርግታለች። ጥርሷ ተነክሷል፣ ዓይኗ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ይታያል፣ እጆቿ ይንዘፈዘፋሉ። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። ጎረቤታችን አቶ ሽፈራው፣ ትልቅ ሰውነት ያላቸው ጡረተኛ፣ የልጅቷን ጫማ በእጃቸው ይዘው ለሰው ሁሉ ያሳያሉ።

«ይሄ የማን ስፌት ነው? እስቲ እዩት! ይሄ የዛብሎን ክር አይደለም?»

«ነው፣ ነው» አለ ሰው።

«ራሷ ወስዳለት ነዋ!» ብለው ጮኹ እትዬ ብርቄ። «እኔ ሳልኖር ልጄ በእግሯ ሄዳለት! ዓይኗን አይቶ!»

አንዱ የጫማውን ምላስ ቆርጦ ፍም ላይ ጣለውና ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙት። የሚቃጠል ቆዳ ሽታ ግቢውን ሞላው። ልጅቷ አፏ አረፋ ደፈቀ እንጂ አልነቃችም።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት» የሚሉት ቃላት ሦስት ናቸው። በልቤ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። የሰውን ፊት አየሁ። ትናንት ሰላም ያሉኝ፣ ቲቸር እያሉ ወንበር የሚለቁልኝ ሰዎች ናቸው፤ ያን ቀን ግን አንዱንም አላወቅሁትም።  ዝም አልኩ።

«ሂዱ፣ አምጡት!» አሉ አቶ ሽፈራው። «ይትፋባት። ካልተፋባት አትድንም።»

ሲያመጧቸው ሁለት ጎረምሶች በብብታቸው ይዘው ነበር። አንዱ ሸበጣቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። ኮታቸው ትከሻው ላይ ተቀዷል። ከፊታቸው ግድግዳ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሰው ነው የነበረው፤ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው መሬት መሬቱን አዩ። እንዲህ እንዳሉ ዓይናቸው የእኔ ካሞሽ ላይ ደረሰ። ቆሙ። ቀስ ብለው ቀና ሲሉ ፊቴን አዩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። መጀመሪያ ዞር ያልኩት እኔ ነኝ።

«ጫማዋን ማን ሰጠህ?» አሉ አቶ ሽፈራው።

ጋሽ ዛብሎን ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

«ማን ሰጠህ?» ዱላቸውን አነሡ።

«ጆንያው ላይ አገኘኋት» አሉ ጋሽ ዛብሎን።

«ትፋባት!»

«የእኔ ምራቅ መድኃኒት አይደለም። ይቺ ልጅ ሕመም ነው ያመማት። ሐኪም ቤት ውሰዷት።»

ዱላው ጀርባቸው ላይ አረፈ። ሰዉ ጮኸ። አንዲት ሴት «እያየናት ልትሞት ነው!» አለች። እውነት ነበር፤ ምሕረት መንዘፍዘፏን ትታ ዝርግት ብላለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጋሽ ዛብሎን ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። አየኋቸው ሲያዩዋት። ፊታቸው ተለወጠ። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰቡ ያን ቀን አልገባኝም።

«እሺ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፤ እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «እሺ። እኔ ነኝ። እተፋባታለሁ።»

 ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ግን እዚህ ብተፋ አይለቃትም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ መሆን አለበት። እዚያ ነው የሚለቃት። ቶሎ በሉ፤ ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች እኔም አልችል!»

ማንም ለምን አላለም። ከነፍራሿ አነሧትና ሩጫ ሆነ። ሣሩ ላይ ላሞች የሚግጡበትን የአውሮፕላን ሜዳ አቋርጠን፣ ከፊት ምሕረት በአራት ሰው፣ ቀጥሎ ጋሽ ዛብሎን በሁለት ጎረምሶች መሐል፣ ኋላ ሰፈሩ በሙሉ። እኔም እሮጣለሁ። እየሮጥኩም ዝም ብያለሁ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ፍራሹን አስቀመጡት። ጋሽ ዛብሎን ጎንበስ አሉ። አፋቸው ተከፈተ፤ ምራቅ የለም። ከፍርሃቱ የተነሣ አፋቸው ደርቆ ነበር። ምላሳቸውን አንቀሳቀሱ፣ ዋጡ፣ እንደገና ሞከሩ። በሦስተኛው ትንፋሽ ብቻ የሆነች «እንትፍ» ወጣች።

«አሁን አስገቧት» አሉ። «ውስጥ ካላደረች ይመለስባታል።»

እትዬ ብርቄ ልጃቸውን ታቅፈው ገቡ። በሩ ሲዘጋ አቶ ሽፈራው ዱላቸውን አነሡና የጋሽ ዛብሎንን ቀኝ እጅ መቱ። ድምፁን ሰማሁት። ሊደግሙ ሲሉ ዘበኛው ደረሰና ገላገለ።

ነርሱ ከውስጥ ወጥቶ የተናገረው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል። አንድ ሰዓት ብትቆዩ ኖሮ አታገኟትም ነበር።» ግሉኮስ ተደረገላት፣ መርፌ ተወጋች። በአምስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች።

በነዚያ አምስት ቀናት «ዛብሎን በአፉ አመነ» የማይል ሰው በጂንካ አልነበረም። ቅዳሜ ወደ ወፍጮ ቤቱ ስሄድ ግድግዳው ሥር የተቃጠለ ሳጥንና የቀለም ቆርቆሮዎች ብቻ አገኘሁ። በጭነት መኪና ሄዱ አሉ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ዱላ አልነበረም፣ ግርግር አልነበረም። ነገር ግን እትዬ ብርቄ ቢያባርሩኝስ? ትምህርት ቤቱ ቢሰማስ? ከቡዳ ጋር የምትመሳጠር አስተማሪ ቢሉኝስ? ነገ እናገራለሁ እያልኩ አደርኩ። ነገ ሲሆን ደግሞ ስለ ነገ አሰብኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለፈተና ተቆጣጣሪነት ኦሞራቴ ደርሰን ስንመለስ፣ ሾፌራችን እግረ መንገዱን ዕቃ ሊያደርስ ወይጦ አቆመ። ሙቀቱ መሬቱን ያርገበግበዋል። ከአንድ ምግብ ቤት ማዶ ግራር ሥር አንድ ሰው ጫማ ይጠርጋል። ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። ስቀርብ ቀና ሳይሉ፣ «ካሞሿ ደህና ናት» አሉ። «አልበደልሻትም።»

እጃቸውን አየሁ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ቡሩሹን በመዳፋቸው ጨብጠው ነው የሚሠሩት።

ተቀመጥኩ።  «እዚህ እንዴት ነው?» አልኩ።

«ሾፌር ነው ደንበኛዬ። ሾፌር ብዙ አይቆይም፣ ዘርህ ምንድን ነው አይልም። ጫማ ሲያወልቁ ብቻ ሁሌ እላቸዋለሁ፤ ሳታራግፉ አታጥልቁ፣ የዚህ አገር ጊንጥ ቆዳ ውስጥ ማደር ትወዳለች።»

«ጋሽ ዛብሎን፣ ይቅር ይበሉኝ። ፈርቼ ነው።»

ቡሩሹን አስቀመጡ። «እኔም ፈርቼ ነበር። ልጅ ነበረችኝ፤ አልነገርኩሽም። እንደዚያች ልጅ ጥርሷን ነከሰች፣ ዓይኗ ተገለበጠ። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር አለኝ፤ ሁሉንም ስሰማ ውዬ ሐኪም ቤት ስደርስ መሸ፤ አመለጠችኝ። ያቺን ልጅ ሳያት የእኔዋን አየሁ። እነዚህ ሰዎች ሐኪም ቤት ሂዱ ስላቸው አይሰሙም። ቡዳ ሲያዛቸው ግን ይሰማሉ። ያን ቀን አንቺ ተናግረሽ ቢሆን፣ ልጅቷን ትተው ካንቺ ጋር ይጨቃጨቁ ነበር። ጊዜ አልነበረም።»

እፎይታ ሲመጣ ተሰማኝ። ልቅሶዬም መጣ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

«ከዚያ ወዲያ ግን ጊዜ ነበረሽ፣ ቲቸር።» ቁጣ አልነበረውም አነጋገራቸው፤ ስለ ጫማ እንደሚናገሩት ነው የተናገሩት። «ዛሬም አለሽ።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ በወይጦ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። አንዳንዴ ወርጄ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ያን ነገር ዳግመኛ አያነሡም። አንዳንዴ ደግሞ መኪናው ወይጦ ሲደርስ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ እመስላለሁ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጸጉሬ ሸበተ። አቶ ሽፈራው ሞቱ። ምሕረት አድጋ ተዳረች። አልተናገርኩም።

የስልኩ ዕለት ባጃጁ ሲመጣ ሾፌሩን ወደ ቤቴ ውሰደኝ ማለት ትቼ የእትዬ ብርቄን ሰፈር ነገርኩት።  አንድ ሁለት ጊዜ «ተመለስ» ልለው አፌን ከፍቼያለሁ።

እትዬ ብርቄ ሳሎን ተቀምጠው የምሕረትን የሦስት ወር ሕፃን ታቅፈዋል። ምሕረት ልብስ ታጥፋለች። ሰላምታው እንዳለቀ፣ ሳልቀመጥ፣ «ጋሽ ዛብሎን ሞቱ» አልኩ።

እትዬ ብርቄ ስሙን ሲሰሙ የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው የሕፃኑን ፊት ሸፈኑ።

«የምሕረትን ጫማ የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ አልሄደችም። አይተዋትም አያውቁም ነበር። አልሠራም ብለውኝ፣ እኔ ነኝ ግድ ያልኳቸው።»

«አንቺ?» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት።»

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺም ውሰጂው ማንም ይውሰደው፣ የበላት እሱ ነው። ራሱ እኔ ነኝ አላለም?»

«ሐኪም ቤት እንድትወስዷት ነው ያሉት። ወባ ነበር፣ እትዬ። ያዳናት መርፌው ነው።»

«መርፌውን የተወጋችው ከተፋባት በኋላ ነው» አሉ። «ቀድሞ ነው የተፋባት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

 እሳቸውም የሚናገሩት እውነት መስሏቸው ነው፤ ያየ ሰው ሁሉ ያየው ያንኑ ነው።

ምሕረት ልብሱን አስቀመጠች። ወደ እናቷ ሄዳ ነጠላውን ከሕፃኑ ፊት ገለጠችና ልጇን ተቀበለቻቸው። ፊቷ አመድ መስሏል። ዕድሜዋን ሙሉ «ቡዳ በልቷት የተረፈች» እየተባለች ነው ያደገችው፤ ያን ሰው በሕልሟ እየፈራች እንዳደገች ራሷ አንድ ጊዜ ነግራኛለች።

«ቲቸር፣ ተቀመጪ» አለችኝ። «መልካቸውን እንኳ አላውቅም። እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?»

ተቀመጥኩ። እትዬ ብርቄ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ከክፍሉ ግን አልወጡም። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጀመርኩላት።